ሀዲያ ለልጇ የሰፋችው ጋወን

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግሥት ነበር እላለሁ፤ አሥራ ሰባት ቀን። ዕለቱም ሰኞ ነበር። ነገር ግን የ2012 የቀን መቁጠሪያ የካቲት አሥራ ሰባትን ማክሰኞ ይለዋል፤ የ2011ዱ ደግሞ እሑድ። ከሁለቱ ዓመቶች አንዱ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ኮሮና ገና አልመጣም ነበርና በከተማችን በመካነ ሰላም አፉን ሸፍኖ የሚሄድ ሰው አይታይም ነበር። እንግዲህ ወይ ቀኑን ወይ ሰኞነቱን ተሳስቻለሁ። ያን ጠዋት ሀዲያ ከሱቋ በር ላይ ቆማ ልጇ ስታልፍ ያየችበትን ዓይን ግን አልተሳሳትኩም።

ሀዲያ ከጅዳ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ስትሄድ ልጇ ፊርደውስ ገና አፏን መፍታቷ ነበር፤ ስትመለስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ አገኘቻት። በመካከሉ ባለው ጊዜ ሁሉ ሀዲያ ልብስ ስትልክ ኖራለች። ወደ አገር የሚመለስ ሰው ባገኘች ቁጥር አንድ ቦርሳ ታስይዛለች። የልጇን ቁመት የምታውቀው በግምት ስለነበር ግን የሚመጣው ልብስ ወይ አይገባላትም፣ ወይ ይጎተትባታል። ልጅቱን ያሳደጓት አያቷ እማማ ዘይነባ ደግሞ ልብስ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ሲያረጅ ማየት አይወዱም፤ ልኩ ለሆነ የጎረቤት ልጅ ይሰጡታል። ሀዲያ የመጣች ሰሞን የማታውቃቸውን ልጆች መንገድ ላይ እያስቆመች ኮሌታቸውን ትዳስስ ነበር። "ይቺ የረመዳን ፍቺ ጊዜ የላክኋት ናት" ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

ፊርደውስ "እማዬ" የምትለው አያቷን ነው። ሀዲያን "እትዬ ሀዲያ" ነበር የምትላት፣ እንደ ታላቅ እኅት። በዚያ ቤት ክፉ ቃል አልነበረም፤ ጨዋነት ብቻ ነበር። እናትና ልጅ በር ላይ ሲገናኙ እንደ እንግዳ "አንቺ እለፊ፣ አንቺ እለፊ" ይባባላሉ። ሀዲያን የሚጨንቃት ይኸው ነበር። ልጇ አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣት በወደደች።

ጅዳ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ኋላ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የሠራችው። ስትመለስ መናኸሪያው አጠገብ የስፌት መኪና ተከለች። እኔ ፊርደውስ በምትማርበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁና ቀሚስም ሱሪም የሚያሳጥር ሰው መገኘቱ ጠቅሞኛል። ወሬ የጀመርነው በዚያው ነው።

ያን ዓመት ሕክምና ማጥናት የሚመኙ ጥቂት ተማሪዎች ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ሄደው ሐኪሞች ሲሠሩ እንዲያዩ ተፈቀደ። ይዣቸው የምሄደው እኔ ነበርኩ። ወላጆችን ሰብስበን ስለ አለባበስ ተናገርን፤ ንጹሕና ለቦታው የሚገባ ይሁን፣ ጫማው ሽፍን ይሁን፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ ሽቶና የሚንቀጫቀጭ አምባር ይቅር አልን። ከሚሄዱት ተማሪዎች የአንዱ የበእውቀቱ አባት፣ እህል ነጋዴው አቶ አራጋው፣ ሐኪም ፊት የሚቆም ልጅ እንደ ሚዜ ካልለበሰ ቤተሰቡን ያዋርዳል ብለው ተከራከሩ። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ያለውን ምርጥ ይለብሳል፤ አለዚያ ሰውየውን እንደ መናቅ ነው። ሀዲያ ከስብሰባው ስትወጣ ነጭ ቴትሮን ጨርቅ አጅባር ከተማ ይገኝ እንደሆን ሰው ስትጠይቅ ሰማኋት።

ልኳን እንኳ ልጅቱን አልጠየቀቻትም፤ ልትጠይቃት ፈርታ። ገመድ ላይ ከተሰጣው የትምህርት ቤት ሸሚዟ ላይ ለካች። እንደ ሐኪም ነጭ ካፖርት የሰፋችው ጋወን ሲያልቅ በደረቱ ኪስ ላይ በቀይ ክር "ዶ/ር ፊርደውስ" ብላ ጠለፈች። በጅዳ ያጠበችው ጋወን ሁሉ ስም ነበረበት፤ ስም የሌለው ጋወን ለእሷ ጌታ እንደሌለው ዕቃ ነው።

እንግዲህ ያን ሰኞ፣ ወይም ማክሰኞ፣ ፊርደውስ የእናቷን ሱቅ አልፋ ወደ እኛ መጣች። ጋወኑ በትከሻዋ ላይ ልክ ተቀምጧል፤ መተኮሱ እንደ ወረቀት አድርጎታል። በእውቀቱ የታላቅ ወንድሙን የሰርግ ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራቫት አስሯል። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ሙሉሐረግ ድንገተኛ ክፍል ተጠርታ ስለነበር፣ ሆስፒታሉ ስንደርስ፣ እስክትመጣ በመተላለፊያው ጠብቁ ተባልን።

በዚያች ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከቆላው የመጡ አንዲት አሮጊት የፊርደውስን እጅጌ ያዙና ከጎናቸው አስቀመጧት። ጎናቸውን የሚወጋቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ሲበሉ እንደሚብስ፣ ሌሊት እንዴት እንደሚያድሩ ነገሯት። አንዲት አሮጊት ሲናገሩ አቋርጦ "እኔ ሐኪም አይደለሁም" ማለት ፊርደውስን ማንም አላስተማራትም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። አሮጊቷ ሲጨርሱ ግንባሯን ሳሙ፣ መረቁ፣ ዱአ አደረጉ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል አለኝ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተራቸው ሲጠራ የሉም። ዘበኛው ከግቢው ውጭ ደርሶ ነው የመለሳቸው። እስኪመለሱ ግን ታክሜያለሁ ብለው ተከራከሩት፤ "ያቺ ልጅ እንደሁ ከዚህ ሁሉ ወንድ ትሻላለች" እያሉ።

ሲስተር ሙሉሐረግ ሁሉንም ሰማች። መጀመሪያ በእውቀቱን በቀልድ ማንን እንዳገባ ጠየቀችና ክራቫቱን አስፈታችው፤ የሚንጠለጠል ነገር በሽተኛው ላይ ያርፋል አለች። ከዚያ ወደ ፊርደውስ ዞረች። ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰች።

"ይኼን የሰፋ እጅ ጥሩ እጅ ነው" አለቻት። "ግን እዚህ ነጭ የለበሰ ሰው ካዳመጣቸው የታከሙ ነው የሚመስላቸው። ነገ ይኼን ለብሰሽ እንዳላይሽ።"

ፊርደውስ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ቲቸር፣ ከቤት ለብሼው ወጥቼ በሩ ላይ ባወልቀውስ?" አለችኝ።

እንደዚያው አደረገች። ጠዋት ጠዋት ጋወኑን ለብሳ በሱቁ በኩል ታልፋለች፤ ሆስፒታሉ በር ስትደርስ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ታስገባና ከሥር በለበሰችው የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትገባለች። ማታ ደግሞ ለብሳው ትመለሳለች። መናኸሪያው ሁሉ "ዶክተር፣ አንዴ እጄን እዪልኝ" እያለ ይቀልድባት ነበር። ሀዲያ ሥራዋን ትታ በር ላይ ትቆማለች።

ሐሙስ ማታ ሀዲያ ጋወኑን ልታጥብ ዘፈዘፈች። ከሐኪም ትከሻ የወረደ ጋወን ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ኪሱ ቀለም ይነካዋል፣ እጅጌው መድኃኒት ይሸታል። ይኼ የመንገድ አቧራ እንጂ ሌላ ነገር አልነካውም። በማግሥቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ።

"መምህር፣ ሐቁን ይንገሩኝ" አለች። "ልጄ አፍራብኝ ነው የምታወልቀው?"

የአሮጊቷን ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ አፏን በሻርፗ ይዛ እስክትንገዳገድ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እንግዲያው መንገድ ለመንገድ የምትለብሰው ለይሉኝታ ነው፣ እንደ እንግዳ ታስደስተኛለች አለች። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ብያት ተለያየን።

ቅዳሜ ሱሪዬን ላሳጥር ሱቋ ገባሁ። እማማ ዘይነባ ጥግ ተቀምጠው የልብስ ቁልፍ ይለቅማሉ። ፊርደውስ ምሳ ይዛ መጣች። ሀዲያ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል፣

"ጋወኑን አምጪውና ልፍታው። ሌላ ነገር ይወጣዋል" አለቻት።

"አይፈታም" አለች ፊርደውስ።

"አትለብሺውማ።"

"እስከ በሩ እለብሰዋለሁ።"

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው። አቧራ ነው የሚጠግበው።"

ፊርደውስ ያን ጊዜ ተቆጣች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ድንገት አሳረፈችው። "ልኬ ነው!" አለች። "ከአንቺ መጥቶ ልኬ የሆነ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል። ይኼን ማንም አይወስድብኝም።"

መኪናው ቆመ። እማማ ዘይነባ ቁልፋቸውን እየለቀሙ፣ "እንግዲህ ዛሬ የእኔ ሌብነት ሊወጣ ነው" አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም፤ ራሳቸው ሳቁ።

ሀዲያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "ነይ እስቲ፣ ቁሚልኝ" አለቻት። ልጅቱ መጥታ ቆመች። ትከሻዋን ለካች፣ እጇን ለካች፣ ወገቧን ለካች፤ ደግማ ትከሻዋን ለካች። ፊርደውስ የተለካ ትከሻ ለምን ዳግም እንደሚለካ አልጠየቀችም። የእኔ ሱሪ እዚያው ተረስቶ ዋለ።

ሰኞ ልጅቱ እናቷ በዚያ ልክ የሰፋችላትን እጅጌው አጭር የሆነ ሰማያዊ ሸሚዝና መሬት የማይጠርግ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሻርፗ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ሲስተር ሙሉሐረግ ዞራ አየቻት፤ የሚንጠለጠል አላገኘችም። ፊርደውስም ከሐኪሞቹ ኋላ ተከትላ ገባች።

ኋላ ፊርደውስ ለጤና ትምህርት ደሴ ተመደበች። አንድ ማለዳ በመናኸሪያው ሳልፍ የሀዲያ ሱቅ ባዶ ነበር። ሀዲያ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣለች። የስፌት መኪናው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጣራው ላይ ታስሯል። የት እንደሆነ ብጠይቃት ደሴ አለችኝ፤ እዚያም ሰው ልብስ ይለብሳል አሉ ብላ ሳቀች። እማማ ዘይነባ ወንድሟ ቤት እንደሚቆዩ ነገረችኝ።

አንድ ነገር ልጠይቃት ወደ መስኮቱ ቀረብኩ። ነይ ያለቻት ልጅቱ ናት ወይስ በራሷ ነው የምትሄደው? ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሀዲያ እጇን አውለበለበች፣ "ደህና ይሁኑ መምህር" ስትል ሰማሁ፣ ሚኒባሱም አቧራውን አስነሥቶ በደሴ መንገድ ወጣ።