ጋሽ እንድሪስ ብቻቸውን የፈረሙበት ወረቀት

ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ለረጅም ዘመን የውኃ አባት የነበሩት፣ ትንሽ ትልቁ ጋሽ እንድሪስ ሲላቸው የኖረው ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዜናውን የነገረችኝ ልጃቸው ዘሃራ ናት። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ደወለች። «አስካለ፣ አባዬ ሄደ» አለችኝ። መቼ ብዬ ስጠይቃት፣ ትናንት ቀትር ላይ እንዳረፉና ከመግሪብ በፊት እንደተቀበሩ ነገረችኝ። እኔ ያለሁት ጋምቤላ ነው፤ ቀብሩም አልፎ ነበር። ስለዚህ እንደ ወትሮው ክፍል ገብቼ ለሕፃናቱ ማባዛት አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፍኩ ግን አላስታውስም።

ከሳምንት በኋላ ዘሃራ እንደገና ደወለች። «ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ አባዬ የሚያውቀውን እየነገረን ነው። አንቺ ደግሞ መጻፍ ትችያለሽ። የምታውቂውን ጻፊና ሰው በተሰበሰበበት ይነበብ» አለችኝ። እሺ አልኳት። የማውቀው ነገር ምን እንደሆነ ግን እሷ አታውቅም ነበር።

እሳቸው ሙስሊም ነበሩ፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በእኔ አፍ ነፍሳቸውን ይማር፣ በእናንተ አፍ አላህ ይዘንላቸው። የሚሰማው አንድ እንደሆነ አምናለሁ።

የውኃ አባት ሥራ ከወንዙ በቦይ የሚመጣውን ውኃ ለገበሬው ሁሉ በተራ ማዳረስ ነው። በቆላ ፀሐይ ሽንኩርቱ ዓይኑ እያየ ሲጠወልግ ተራ ጠብቅ የሚባል ሰው ምን እንደሚሰማው የአገሬ ልጆች ታውቃላችሁ። በውኃ ተጣልቶ በአካፋ የተፈነካከተውን ቤት ይቁጠረው። ጋሽ እንድሪስ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ የእያንዳንዱን ማሳ ተራ ግን በቃላቸው ይዘውታል፣ ተሳስተውም አያውቁም። አንድ በጋ እትዬ ዘነበች፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን፣ እግራቸው ላይ ሊወድቁ መጡ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ እንኳ ይልቀቁልኝ።»

«ተነሽ እባክሽ! ተራሽ እኮ ነው ዘነበች። ምን ያስለምንሻል? የሰው ውኃ የጠየቅሽ አስመሰልሽው!»

የቦዩን በር ከፈቱላቸው። በዚያ ቀን የጋሽ እንድሪስ የራሳቸው ማሾ ከጎን ያለው ማሳ ላይ እያረረ ነበር፤ የእሳቸው ተራ ግን ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል።

አንድ ባለጉልበት ተራውን ሳይጠብቅ ውኃ ከጠለፈ ጋሽ እንድሪስ አይጣሉትም። ሄደው ዋናውን በር ይዘጉና «ውኃው ቆሟል!» ብለው ይጣራሉ። ያን ጊዜ የቦዩ ተጠቃሚ በሙሉ ሥራውን ትቶ ይመጣና የዚያ ሰው ማሳ ዳር ዝም ብሎ ይቀመጣል። አይሳደብም፣ አይማታም፤ ይቀመጣል። ሰውየው ውኃውን እስኪመልስ ድረስ የሚነሣ የለም። «እኔ ብቻዬን ብጮህበት እኔን ይመታኛል። ሁሉ ሰው ከተቀመጠበት ማንን ይመታል?» ይሉ ነበር።

በትምህርት ቤታችን በኮንትራት መምህርነት በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት ወባ ጣለኝ። ጋሽ እንድሪስ ፓፓያ በፌስታል ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። «ዘሃራ ወተት ልላክላት ስትል ከልክያት ነው። ጾም ላይ ናት አልኳት። ብትታመሚም እንደማትፈቺው አውቅሻለሁ» አሉኝ። ጾሜን የራሴ ዘመዶች እንኳ ረስተውት ነበር።

የምርጫው ጊዜ ሲደርስ ነዋሪው ተሰብስቦ የሕዝብ ታዛቢዎች መረጠ። ታዛቢ ማለት ድምፅ አሰጣጡ በሥርዓቱ መካሄዱን ቁጭ ብሎ የሚያይና ስሕተት ካለ በጽሑፍ የሚያስመዘግብ ነው። ከአምስታችን አንደኛ ሆነው እጅ የወጣላቸው ጋሽ እንድሪስ ነበሩ፤ በውኃ ተራ የተቀየሟቸው ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡላቸው። እኔም ከአምስቱ አንዷ ነበርኩ። የምርጫ ጣቢያው ያኔ የማስተምርበት የአራተኛ ክፍል መማሪያ ነበር።

በምርጫው ቀን ንጋት ላይ ሰልፉ ከክፍሉ በር ተነሥቶ ከግቢው ውጪ ወጥቷል። ከግቢው በር አጠገብ ባለው የኒም ዛፍ ሥር አንድ የቀበሌያችን ሹም አግዳሚ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት። ከኋላው ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር አለ። ወደ ሰልፉ የሚሄደውን ሁሉ «ካርድህን እስቲ» ይለዋል። አይቶ ስሙን ይጽፋል። ከዚያ ፈገግ ብሎ «አሳምረህ ምረጥ። ምርጥ ዘር ሲመጣ እናስታውስሃለን» ይላል። ቢከሰስ እንኳ የሚያስቀጣ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰዎች ግን ከዛፉ እየደረሱ መመለስ ጀመሩ። እትዬ ዘነበች ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ እንደቋጠሩ ዞረው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።

ለጋሽ እንድሪስ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ተነሥተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«እንደምን አደርክ?»

«ደህና፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ምን ትጽፋለህ?»

«ለጸጥታው ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ለማወቅ።»

«መዝገብማ ውስጥ አለ፤ መዝጋቢም አለው። አንተ ሠርግ ደግሰሃል እንዴ፣ የመጣና የቀረውን የምትለቅመው?»

ሰልፉ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አንቱ የተመረጡት ውስጡን ሊታዘቡ ነው። ውስጥ ይቀመጡ። የቦዩ ነገርም ቢሆን ከእኛ እጅ አልወጣም።»

«በቦዩ ነው የምታስፈራራኝ? ቦዩን ከሰው ጋር ቆፈርኩት እንጂ አልወለድኩትም። ከፈለግህ ውሰደው።»

ተመልሰው ገቡና የጣቢያው ኃላፊ ፊት ቆሙ። ኃላፊዋ ከሌላ ወረዳ የተመደበች ሴት ናት። «ልጄ፣ ያ ሰው ከዛፉ ሥር ካልተነሣ ድምፅ መስጠቱ ይቁም» አሏት።

«ጋሼ፣ ካቆምኩ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ካላቆምሽስ?»

ኃላፊዋ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ጥራዝ ዘጋችው። ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ወጥተው በዚያ ማሳ ላይ በለመደ ድምፃቸው «ወገኖቼ፣ ውኃው ቆሟል!» ብለው ተጣሩ። ኃላፊዋ ምን ማለታቸው እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀችኝ። የእኛ ሰው ግን አስረጂ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ከሰልፉ ፊት የነበሩት ሽማግሌዎች ወጥተው አግዳሚው ዙሪያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሴቶቹ። ከዚያ የቀረው ሁሉ።

«ምንድን ነው ነገሩ? ተነሡ! ሰልፋችሁን ያዙ!» አለ ሰውየው።

ወሬውን ሰምተው ከመንገድ የተመለሱት እትዬ ዘነበች፣ «ጥላ ፈልገን ነው ልጄ። ፀሐዩ በረታብን» አሉት። ፀሐይ ገና በቅጡ አልወጣችም ነበር። ሌላው ደግሞ ወደ ደብተሩ አንገቱን አስግጎ፣ «የእኔን ጽፈሃል? ከነአያቴ አድርገው፤ በዚህ ቀበሌ ሞክሼ አለብኝ» አለው። ሰውየው ደብተሩን አጥፎ ከታጠቁት ጋር ሄደ። ሕዝቡ አቧራውን አራግፎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ድምፅ መስጠቱም ቀጠለ።

እስከዚህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስትስቁበትም ኖራችኋል። የማታውቁትን ልንገራችሁ።

ከቀትር በኋላ ጋሽ እንድሪስ የሆነው ነገር በወረቀት መስፈር አለበት አሉ። የታዛቢዎቹ ጸሐፊ «እኔ ያየሁት ነገር የለም» ብሎ እምቢ አለ። ሌሎቹም ሁለቱ አላየንም አሉ። ያን ጊዜ ከኳስና ከመረብ ማስቀመጫው ክፍል ገብተን እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። አንድም ነገር አላጋነኑም። «ተቆጣ» ብዬ ስጽፍ «አልተቆጣም፤ ፈገግ ነው ያለው። እንደሆነው ጻፊ» ብለው አሰረዙኝ።

ጽፌ ጨርሼ የራሴን ስም ላሰፍር ስል ሹሙ ተመልሶ መስኮቱ ላይ ቆሟል።

«አስካለ፣ ኮንትራትሽ የሚታደሰው ሐምሌ ላይ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

«መልካም። በርቺ።»

ይህን ብሎ ሄደ። እጄ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ እንድሪስ አዩኝ። «ተይው ልጄ። እኔ ብቻዬን ይበቃል» አሉና አውራ ጣታቸውን በማኅተሙ ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። እኔ አልፈረምኩም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አቤቱታውን ለማጣራት ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሹሙ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈልዎት?»

«ያየሁት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።»

«የጻፈውን ነው የጠየቅሁት።»

«የጻፈው የነገርኩትን ነው የጻፈው። ጥያቄ ካለህ እኔን ጠይቀኝ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው፤ ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለሱ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰውየው ወደ እኔ ተመለከተ፤ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ለሕዝቡ፣ «ሽማግሌው ተታለዋል። የከተማ ሰው ተንኮል በጣታቸው ታትሟል» አለ። ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ያን ቀን እዚያ ነበር። ማንም አልተናገረም። አልፈርድባችሁም፤ ከሁላችሁ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩና። አቤቱታው ተዘጋ፣ የውኃ አባትነቱም ለሌላ ተሰጠ። «ጋሽ እንድሪስ በስተርጅና የከተማ ሰው መጫወቻ ሆኑ» የሚለው ወሬ ግን አልተዘጋም፤ እስከ ቀብራቸው ተከትሏቸዋል። የእኔ ኮንትራት ታደሰ።

በዚያ ዓመት ከዘሃራ ጋር ማሾ ስንለቅም ድንገት ቀና አለችና፣ «ያን ወረቀት ጽፎ አባዬን ያዋረደው ሰው እጁ ይሰበር» አለች። ቀጥላም፣ «አሜን በይ እንጂ!» አለችኝ። አሜን አልኩ። በራሴ እጅ ላይ አሜን ማለቴ አልነበረም የከበደኝ። አባቷን ተታለለ ብላ ማመኗ ነበር፤ አባቷን ግን በሕይወታቸው ማንም አታልሏቸው አያውቅም።

በዓመቱ ሥራ አግኝቼ ወደ ጋምቤላ መጣሁ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ግን ልጄ፣ ስማቸው የጎደፈው በእግዚአብሔር ፊት አይደለም፣ በሰው ፊት ነው። ለሰዎቹ ንገሪያቸው» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ዓመቱም ሄደ። ባለፈው ዒድ ጋሽ እንድሪስን በስልክ እንኳን አደረሰዎ ብዬ፣ «ያን ቀን እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። አቋረጡኝ። «የቱን ቀን? እኔ ያን ቀን ሲነሣ የማስታውሰው የዘነበችን ጥላ ነው» ብለው ሳቁ። በሳቃቸው ይቅር እንዳሉኝ ገባኝ። እኔም ያን ሳቅ ዝም ለማለት ፈቃድ አደረግሁት። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው።

ጋሽ እንድሪስ፣ እንግዲህ ለአንቱ ልናገር። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለዘሃራ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ በሰው መሀል ድንገት እንድትሰማው አልወደድኩም። አልጮኸችም። ስልኩን ዘጋችው። ለሁለት ቀን አላነሣችም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለችና፣ «አባዬ ያውቅ ነበር፣ አይደል? እያወቀ ነው ያን ሁሉ ስሳደብ ዝም ያለኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አለቀሰች። «በይ ላኪው። ስምሽን ከነአባትሽ አድርጊበት። የእኔና የአንቺን ስትመጪ እናየዋለን» አለች።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ከአንቱ ቤት እጀምራለሁ፤ ዘሃራ ከፍታ ብታስገባኝም ባታስገባኝም። ያ ሹም ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እናቴና ወንድሞቼ ያሉት እዚያው ነው። አሁንም እፈራለሁ፣ አባቴ። አንቱ ፍርሃቴን አይተው አልናቁኝም፤ ሌሎቹም እንደ አንቱ ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም። መቃብርዎ ላይ አፈር ሳላደርግ በመቅረቴ፣ ይህንንም በሕይወት ሳሉ ባለመስማትዎ አዝናለሁ። አላህ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍዎ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ እንድሪስ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤

አስካለ ወልደጻድቅ