ለሌለ ልጅ የወረደ ሙሾ

ሥራሽ ምንድነው ሲሉኝ ተዋናይ ነኝ እላለሁ። ከዚያ በፊት ዘፋኝ ነበርኩ፤ ከዚያም በፊት የሙሾ አውራጅ ልጅ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ አንዱም አልለቀቀኝም።

እናቴ በጉለሌ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም እስከ እንጦጦ ግርጌ ሰው ሲሞት ቄስ ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት ሰው ይላካል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ለቅሶው ቤት ስትደርስ ግን ዘው ብላ አትገባም። የሟቹን የቅርብ ጎረቤት ከድንኳኑ ጀርባ ትጠራና ትጠይቃለች። ዕድሜው ስንት ነበር? ምን ይሠራ ነበር? ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ እንዴት ይሆናል? ማን ቀረው? ይህን ሳታውቅ አፏን አትከፍትም። ካወቀች በኋላ ግጥሙ እዚያው ይመጣላታል፤ ያንኑ ግጥም ለሌላ ሟች ደግማ ስታወርድ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። «የሰው ቀሚስ ለሰው ሊሆን ይችላል፤ የሰው ሙሾ ግን ለሰው አይሆንም» ትል ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሙሾ ማንጎራጎር ክልክል ነበር። ሰባት ዓመቴ ገደማ ዱቄት ስነፋ ከለቅሶ ቤት የሰማሁትን አንድ ስንኝ ባወጣው፣ ወንፊቱን ከእጄ ነጥቃ «ሟርተኛ! የማንን ሞት ነው የምትጠሪው?» ብላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እስካሁን ያመኛል ብል ውሸት ነው። እስካሁን ቤት ውስጥ ሙሾ አለማለቴ ግን እውነት ነው።

ሳድግ ለሠርግ መዝፈን ጀመርኩ፤ ከሠርግ ወደ ጠጅ ቤት ወረድኩ። እናቴ አልወደደችውም። «እኔ ያስለቀስኩትን ሰው አንቺ ልታስጨፍሪው ነው?» አለችኝ። ጎረቤት ግን «ልጅሽ አዝማሪ ሆነች አሉ» ብሎ ሊያሽሟጥጣት ሲሞክር፣ «እናቷስ ምን ነበረች?» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች፤ እሷ ትቆጣኝ እንጂ ሌላ ሰው እንዲነካኝ አትፈቅድም።

ቴአትር ቤት የገባሁት በመጋረጃ ፊት ነው። በትዕይንትና በትዕይንት መካከል፣ ከኋላ ዕቃ ሲቀያየር፣ ሰው እንዳይሰለች የባህል ዘፈን እዘፍን ነበር። ሁለት ዓመት ያህል መጋረጃው ከጀርባዬ እየተንኮሻኮሸ ዘፈንኩ። ከዚያ አዘጋጃችን፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ከረባታቸው በሐሩርም የማይላላ ሰው፣ ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፉና «አንቺ እናቲቱን ትሆኛለሽ» አሉኝ። ያኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አልወለድኩም። ፀጉሬን በዱቄት አነጡልኝና የአንድ ወጣት ነጋዴ እናት ሆንኩ። ልጄን ከንግድ ሲመለስ ወንዝ ይወስደዋል፤ እኔም ሙሾ አወርድለታለሁ።

ሙሾውን የጻፉት አዘጋጁ ራሳቸው ነበሩ። ቃላቱ ያማሩ ነበሩ፤ የአንዳንዶቹን ትርጉም እኔም አላውቀውም። መጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች፣ ሙሾው ሲጀመር አዳራሹ ሳል በሳል ሆነ። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ኦቾሎኒውን ማውጣት ጀመረ። ልጄ ሞቶ ኦቾሎኒ ሲፈለፈል ይታያችሁ!

በሦስተኛው እሑድ አፌን ስከፍት የወጣው የወንድሜ ሙሾ ነበር።

ወንድሜ ሸማኔ ነበር። ድሩን ዘርግቶ ሳይጨርሰው ተስቦ ገደለው። ሌላ ሙሾ አውራጅ አልተጠራም፤ እናቴ ራሷ አወረደችለት። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም። ስለዚያ ስለ ድሩና ስለ ማጉ ነበር ማለት ይበቃል። መድረክ ላይ እሱን ሳወጣው አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ከወደኋላ አንዲት ሴት እሪ አለች፤ ከዚያ ማንም ማንንም አልጠበቀም። መጋረጃው ሲዘጋ አዘጋጁ ግንባሬን ሳሙኝና «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። «ከቤት» አልኳቸው። በማግስቱ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ ድርሰቱ ውስጥ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን አመለጠኝ ብዬ ልማል። በሁለተኛው ግን አላመለጠኝም፤ በሦስተኛውም። ጭብጨባ ይጣፍጣል። እናቴ ትሰማለች ብዬ እፈራ ነበር፤ «ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት ይበቃኛል» ብላ ቴአትር ቤት ደርሳ ስለማታውቅ ግን ተጽናናሁ።

አንድ እሑድ ግን የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ጥጥ ፈታይ አሮጊት፣ እናቴን አግባብተው አመጧት። ከመድረክ ላይ ሆኜ አየኋት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ጠርዝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። የድርሰቱ ልጅ ገና አልሞተም ነበር። የአዘጋጁን ግጥም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ብፈልግ እሱን ማለት እችል ነበር። አላልኩትም። ሰው ሲያለቅስልኝ ማየት ለምዶብኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱን ከፊቴ ቀድማ ወጣችው። በራችን ላይ ስንደርስ ሳትገባ ዞር አለች።

«እኔ ልጄን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ» አለች። «አንቺ በየእሑዱ እያወጣሽ ትቀብሪዋለሽ።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ሄጄ ለአዘጋጁ ያንን ሙሾ ከእንግዲህ እንደማልለው ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን «ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው። ካልሆነልሽ ሌላ እናት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ያ ማለት ወደ ጠጅ ቤቱ መመለስ ነበር። የእሳቸውን ግጥም ልበለው ብል ኦቾሎኒው ይጠብቀኛል። የወንድሜን ልበለው ብል እናቴን አጣታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ሳለ እናቴ እንዶዷን ይዛ መጣች። አየችኝና «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ነከረች፤ አሸች፤ አሸች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ የሞተው ማነው?»

«የት?»

«እዚያ ቴአትራችሁ ውስጥ።»

«ማንም አልሞተም እማዬ። ድርሰት ነው።»

«ልጄ ሞተ ብለሽ አይደል እንዴ ስትጮኺ የነበረው? ዕድሜው ስንት ነበር?»

ድርሰቱ ላይ አልተጻፈም። «እ... ሃያ» አልኩ።

«ምን ይወድ ነበር?»

የያዝኩትን ልብስ ማሸት ጀመርኩ።

«ሲቆጣስ?»

«እኔ እንጃ።»

ነጠላዋን ድንጋዩ ላይ ወረወረችው። «ምን ዓይነት እናት ነሽ አንቺ?»

ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቁጭ ብለን ልጁን ከመጀመሪያው ጀመርነው። ሽንኩርት ከወጡ ውስጥ እየለቀመ እንደሚያወጣ እኔ አመጣሁ፤ ወንድሜ እንዲህ አያደርግም ነበር፣ እንዳይመስለው ፈልጌ ነው። ሲቆጣ ጭራሽ ይስቃል አለች እሷ። ከንግድ ሲመለስ ከሩቅ ያፏጫል፤ እኔም ፉጨቱን ስሰማ እግሩን የማጥብበት ውሃ እጥዳለሁ። አንዱን ስንጨምር አንዱ ይመጣ ጀመር፤ ልብሱን ረሳነው። «ክርስትና ስሙስ?» አለችኝ። እሱን ግን ለመፍጠር ደፈር አላልኩም፤ «የለውም» አልኳት። ፊቷ ጠቆር አለ፤ ደስ አላላትም። ከዚያ ወንዙን ትንሽ ስታዳምጥ ቆየችና እዚያው አወረደችው፦

ፉጨት ሰማሁና ብወጣ ወደ ደጅ፣
ወንዙ ነው ያፏጨው፣ አይደለም የኔ ልጅ።

ይህኛውን ለመጻፍ አልሳሳም። የዚያ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ የሁሉም ሰው ነው።

እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ እሱን አልኩ። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጥግ ሆነው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። እውነት ለመናገር እንደ ወንድሜ ሙሾ እሪ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ማንም አልጮኸም። ግን ማንም አልሳለም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ ማን እንደሞተብኝ አወቅሁ። ስጨርስ አዘጋጁ «ይሁን» ብቻ አሉ። ቤት ስገባ እናቴ ራት አስቀምጣልኝ ጠበቀችኝ፤ ቴአትሩ እንዴት ነበር ብላ አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ንግሥት ሆኛለሁ፣ ጠንቋይ ሆኛለሁ፣ ምራቷን የምታስለቅስ አማት ሆኜ ገበያ ላይ ተሰድቤአለሁ። አውራ ጎዳና በሌለበት ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ተጭኜ ዘፍኛለሁ። አዲስ ድርሰት በተሰጠኝ ቁጥር ወረቀቱን ይዤ ወንዝ እወርዳለሁ፤ እናቴም ትጠይቀኛለች። ጉልበቷ ሲደክም ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እንጠያየቅ ነበር፤ ስለ ሞት ከሆነ ግን እንደ ወትሮው ከአጥሩ ውጪ።

ያረፈችው በክረምት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ሌላ ሙሾ አውራጅ ለመጥራት የደፈረ አልነበረም። አፌን ልከፍት ስል ምንም የለም። ለስንቱ ሐሰተኛ ሟች ያለቀስኩ ሴት፣ ለእናቴ አንዲት ስንኝ አጣሁ። ያኔ ተነሣሁና ጎረቤታችንን፣ ጥጥ ፈታይዋን፣ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኋቸው።

«እማማ፣ እናቴ ምን ትወድ ነበር?» አልኳቸው። ስለ ገዛ እናቴ ሰው መጠየቄ አሳፈረኝ።

ብዙ ነገር ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «እንጦጦ ማርያም በወጣን ቁጥር ሁለት ሻማ ታበራ ነበር። አንዱ የወንድምሽ ነው። ሁለተኛው የማነው ስላት፣ ‹የልጄ ልጅ ነው፣ ወንዝ የወሰደው። የሚያለቅስለት እንጂ የሚጸልይለት የለውም› ትለኛለች። ‹ኧረ እሱ የቴአትር ነው አንቺ ሴትዮ!› ስላት ‹ቢሆንስ?› ትለኛለች። በቃ፣ እስከ ዘንድሮ አልተወችውም።»

ተመልሼ ገባሁና አወረድኩላት። ምን እንዳልኩ ግን አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

አዘጋጁም ከድንኳኑ ዳር ቆመው ሰምተው ነበር፤ አርጅተዋል፣ ከረባቱ ግን አልላላም። በሠልስቱ መጥተው አጽናኑኝና፣ ሲፈሩ ሲቸሩ፣ ያ ሙሾ ለአዲሱ ተውኔታቸው እንዲሆን ጠየቁኝ። አልተቆጣሁም። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ተመኝቼ ነበር።

«እሱ አይሆንም» አልኳቸው። «ግን እስቲ ይንገሩኝ፤ በእርስዎ ተውኔት ውስጥ የሚሞተው ሰው ምን ይወድ ነበር?»

አያውቁም ነበር። ወንበር ሳብኩላቸውና ከአጥሩ ውጪ ተቀምጠን ከዕድሜው ጀመርን።