በድርሰት መምሪያ የጻፍኩት ማመልከቻ

አባቴ መምህር ነበር። ሲሞት ከተወልን ዕቃ ለእኔ የደረሱኝ ሁለት ያረጁ መጻሕፍት ናቸው፤ አንዱ የደብዳቤ አጻጻፍ፣ ሌላው የድርሰት አጻጻፍ መምሪያ። የደብዳቤው ሲበዛ ደረቅ ነበር። በአክብሮት ጀምር፣ ጉዳይህን በአጭሩ ተናገር፣ ያልተጠየቅከውን አትጨምር ይላል። እሱን ለአይጥ ተውኩት። የድርሰቱን ግን ሽፋኑ እስኪገነጠል አነበብኩት። ስለ ሰው ስትጽፍ ደግ ነው ብለህ አትለፍ፣ ያደረገውን ከነቦታውና ከነሰዓቱ ጻፍ ይላል። እኔም ዓለም ገና ታክሲ ተራ ቆሜ ረዳቱን፣ ቲማቲም ሻጯን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ደራሲ ልሆን ነዋ! እናቴ «መጀመሪያ ሥራ ያዢ» ብላ ስትቆጣኝ እንኳ ቁጣዋን ጻፍኩት።

ያኔ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ነበር። ሰበታ መንገድ ተዘጋ ሲባል ቡራዩ ይከተላል፣ ሱሉልታ ደግሞ ተኩስ ነበር ይባላል። ማን እንደታሰረ የምንሰማው በሹክሹክታ ነው። ከቤታችን ጀርባ የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ኦቦ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ጅማ መንገድ ላይ ረብሻ በተነሣ ማግስት ወንድ ልጃቸው ከቤቱ ታፍሶ ተወሰደ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አዲስ አበባ መታሰሩ ተሰማ። እንዲፈታላቸው ማመልከቻ ያስገቡ፣ እሱም በአማርኛ ይሁን ተባሉና እኔ ዘንድ መጡ። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ማንበብና መጻፍ ግን አልተማሩም።

«ጥሩ ልጅ ነው፣ ጧሪዬ ነው፣ እዘኑልኝ ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላ ምን ይባላል?» አሉኝ።

ናቅሁት። ይሄ ደግሞ ምን ጽሑፍ ነው! በጥያቄ አጣደፍኳቸው። ምን ዓይነት ልጅ ነው? ምን ሲያደርግ አዩት? በመጨረሻ ሆዳቸው ባባና አጫወቱኝ። በረብሻው ቀን ልጁ ያለ ሸሚዝ ቤት ገባ። ምነው ቢሉት፣ ለካ መንገድ ላይ እግሩን የተመታ ሰው አግኝቶ በሸሚዙ ቁስሉን አሰረለት፤ ውኃ አጠጥቶ፣ ተሸክሞ ከመሐል አወጣው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ሸሚዙን፣ ውኃውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ጨርሼ ሳነበው የራሴው ጽሑፍ አስለቀሰኝ። ለእሳቸው ግን አላነበብኩላቸውም። «በቃ፣ አንጀት የሚበላ ሆኗል» አልኳቸው፤ አምነውኝ አሻራቸውን አሳረፉበት።

አብሬያቸው ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቢሮ በር ላይ ቆመን ከሰዓት በኋላ አስገቡን። ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አነበበ። መመሰጡን ሳይ፣ ወይ ጉዴ፣ ኮራሁ! ከዚያ ቀና ብሎ ኦቦን አያቸው።

«ልጅዎ ያን ቀን ሆለታ ነበርኩ ብሎ ነው ቃሉን የሰጠው» አለ። «እርስዎ ደግሞ መንገዱ ላይ ነበር ይላሉ። ሰዓቱ ሳይቀር አለ።»

ይመለስልን፣ ሌላ እንጽፋለን ብዬ ተንተባተብኩ፤ ሰውየው ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከትቶ ውጡ አለን። ልጁ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። ያ ወረቀት ባይኖር ይፈቱት ነበር ወይ? አላውቅም። አይፈቱትም ነበር ብዬ ራሴን ላሳምን ስንቴ ሞክሬያለሁ።

በዚያ ቀን በሚኒባስ ተመለስን። ዓለም ገና እንደወረድን ኦቦ መንገድ ዳር ቆሙና ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ቀባጠርኩ? ጥሩ ልጅ ነው ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? በገዛ አፌ ልጄን አሳሰርኩት።»

እሳቸው እኮ ያሉት ያንኑ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጧሪዬ ነው። ሌላውን ጎትጉቼ ያወጣሁት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ፣ ሳላነብላቸው ያስፈረምኳቸው እኔ። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈራሁ። ክንዳቸውን ያዝኩና «አይዞዎት ኦቦ፣ ሳያውቁ ነው» አልኳቸው።

እሳቸውም መረቁኝ።