አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ከእንጅባራ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ እንደ ልማዱ ይዘንብ ነበር። ሚኒባሱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሕር ዳር ስለሚነሣ ጎረቤቶቻችን ሊሰናበቱኝ የመጡት አመሻሹ ላይ ነው። ሾፌሩ መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውሎ ነግሮናል፤ እናቴ ግን ሻንጣዬን ከፍታ በሶውንና ሚጥሚጣውን እንደገና ስታስተካክል የመንገዱን መከፈት የሰማች አትመስልም ነበር።

“ለካናዳ ብርድ አታስቢ” አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። “እንጅባራ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም።”

“እዚያ ድንች አለ ይሆን?” አሉ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ።

“ምነው እትዬ፣ ድንች የሌለበት አገር ሰው ይኖራል?” አለች እናቴ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ እናቴ እጄን ይዛ ጥቂት ቃላት በአዊኛ ነገረችኝ። እትዬ ጥሩነሽ አማርኛ ብቻ ስለሚችሉ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። የተባልኩትን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ።

ባለቤቴ አንተነህ ቀድሞኝ ካናዳ፣ ኤድመንተን የምትባል ከተማ ገብቶ ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ ከቤት ወጣ ስል የዐይኔ ሽፋሽፍት እርስ በርሱ ተጣበቀ፤ የእናቴም ምክር በዚያው ተሻረ። የእንጅባራ ብርድ ጋቢ ለብሰው፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አያይዘው የሚያሳልፉት ብርድ ነው፤ የዚህኛው ግን ከሰው ጋር ጠብ ያለው ይመስላል። ድንቹን ግን አግኝቼዋለሁ። ጠብሰው፣ ቡናማ መረቅ አፍስሰውበት፣ አይብ ጣል አድርገውበት ፑቲን ይሉታል። ሚጥሚጣ ስነሰንስበት ለወግ በቃ።

አገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር ስለ ኖርኩ ሥራ ፍለጋው አላስፈራኝም ነበር። የሥራ አማካሪው ጺሙን በጥንቃቄ ያበጠረ ወጣት ነው። እንግሊዝኛ “እርስዎ” የሚባል ነገር ስለሌለው የሰማሁትን ሁሉ በ“አንቺ” እጽፈዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

“ዲግሪሽ ትክክለኛ ነው” አለኝ። “ግን እዚህ ለማስተማር እንደገና መማር አለብሽ።”

“ምን ልማር?”

“ማስተማር።”

“ሳስተምር ነው እኮ የኖርኩት።”

“እሱማ እዚህ ተጽፏል።” ኮምፒውተሩን ትንሽ አየና፣ “ኬሚካል ያለበት ሥራ ይስማማሻል?” አለ።

“በደስታ። የምን ቤተ ሙከራ ነው?”

“ሻምፖ።”

የላከኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ወዳለ የውበት ሙያ ክፍል ነበር፤ ቅጥሬ በረዳትነት ሲሆን የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ ያበቃል። እኛ ዘንድ የፀጉር ሥራ የሚለመደው ትምህርት ካለቀ ወይም ከተቋረጠ በኋላ ነው። ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ያለች የአክስቴ ልጅ ሙያውን የተማረችው ከባለቤቲቱ ጎን ቆማ የፀጉር መጠቅለያውን ቢጉዲን እያቀበለች ነበር። እዚህ ግን ፀጉር ሥራ እንደ ሒሳብ የትምህርት ዓይነት ነው። ረፋዱ ላይ እኩልዮሽ ስትፈታ የነበረች ልጅ ከምሳ በኋላ ሽርጧን አስራ የሰፈር አሮጊት ፀጉር ታጥባለች፤ ማርክም ይያዝላታል። አሮጊቶቹ ዋጋው ስለሚረክስ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ሲቆርጡ ግን ብዙዎቹ ዐይናቸውን እንደሚጨፍኑ አስተውያለሁ።

የእኔ ሥራ ፎጣ ማጠብ፣ ማበጠሪያ ማጽዳትና ቀለም መመጠን ነበር። መምህርቷ ዴኒዝ ዕድሜዋን በሙሉ ፀጉር ስትሠራ የኖረች፣ ፈጣንና ሳቂታ ሴት ናት። ሙያውን እንድለምድ ብላ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበትን የአሻንጉሊት ጭንቅላት፣ ረጅም ፀጉር ያለውን፣ ለቤት ሰጠችኝ። ሹሩባ ሠርቼለት መስኮት ላይ ባስቀምጠው አከራያችን ደወለ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖር፣ የሚወጣ የሚገባውን የሚቆጣጠር ሽማግሌ ነው።

“ውሉ ለሁለት ሰው ነው” አለ። “መስኮቱ ላይ ሴት አይቻለሁ።”

“እሷ ጭንቅላት ብቻ ናት።”

“ሻወር ትጠቀማለች?”

“ፀጉሯ አልፎ አልፎ ይታጠባል።”

“እንግዲያው የውሃ ትከፍላለች።”

አንተነህ ይህን ሲሰማ ከሳቁ ብዛት እራቱን መጨረስ አቃተው።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ ፀጉር የሚያነጣውን ዱቄት ሲያዋህዱ ሮያ የምትባለው ልጅ ሳህኑን ነክታ፣ “ለምንድን ነው የሚሞቀው?” ብላ ጠየቀች። ሮያ ቤተሰቦቿ ከኢራን የመጡ፣ ያልገባትን ሳትጠይቅ የማታልፍ ልጅ ናት። ዴኒዝ፣ “ሁልጊዜም ይሞቃል፣ የኔ ቆንጆ” አለችና ወደ እኔ ዞራ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሰሌዳ ስላልነበረ መስተዋቱ ላይ ጻፍኩ። ኦክስጅን እንዴት እንደሚለቀቅ፣ የፀጉር ቀለም ለምን እንደሚፈርስ፣ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ፀጉሩ ራሱ ለምን እንደሚበጣጠስ አስረዳሁ። እንጅባራ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ብድግ ብለው ነበር የሚቀበሉኝ፤ እነዚህ ማስቲካ እያኘኩ፣ ስሜን ዘውድነሽን “ዚ” ብለው አሳጥረው፣ ግን ከልብ ሰሙኝ። የሚያነጣው ዱቄት ከዚያ ወዲያ ያለ ሰዓት መቁጠሪያ አልተዋሐደም።

ወሬው ምክትል ርእሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። ሚስተር ግራንት ረጅም፣ ሁልጊዜ ወደ ስብሰባ የሚቻኮሉ ሰው ናቸው። ኮሪደር ላይ አገኙኝና፣ “ለሚቀጥለው ዓመት ከዴኒዝ ሥር ሆኖ የሙያውን ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምር ሰው እንፈልጋለን። አንቺ ትፈልጊያለሽ?” አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ “ኧረ እኔ ምን ችዬ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ይኖራል” አለ።

እናንተ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእኛ ሰው ቢሆን፣ “ምን ነካሽ፣ ካንቺ ወዲያ ማን አለ” ይላል፤ እኔም፣ “ይቅርብኝ” እላለሁ፤ እሱም፣ “በሞቴ” ይላል፤ ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ። ሚስተር ግራንት ግን፣ “በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ” ብለው ወደ ስብሰባቸው ሄዱ።

እስኪመለሱ ጠበቅኩ። በየኮሪደሩ ሆን ብዬ እያዘገምኩ አለፍኩ። ባገኙኝ ቁጥር ስለ አየሩ ጠየቁኝ። ከዚያ የመምህራን ክፍል በር ላይ ለቦታው ዓርብ ፈተና እንደሚኖር ተለጠፈ። ቦታው ለሌላ ሰው ከሆነ ሰኔ ላይ ፎጣዬን አጥፌ መውጣቴ ነው።

ረቡዕ ሮያ ፀጉር ማጠብ የምትለማመድበት ሰው አጣችና እኔ ተቀመጥኩላት። ራሴን ለሰው መስጠት አልወድም፤ ቢሆንም አንገቴን ገንዳው ላይ አሳረፍኩ።

“ዴኒዝ ሥራውን አልፈልግም ማለትሽን ነገረችን” አለች ከላዬ።

“አልፈልግም አላልኩም። የተሻለ ሰው ይኖራል ነው ያልኩት።”

ውሃው ቆመ። “አሃ። እንደ እናቴ! ድጋሚ እንዲጠይቁሽ እየጠበቅሽ ነው አይደል?”

እንደ አሮጊቶቹ ዐይኔን ጨፈንኩ።

“ዚ፣ እዚህ የሚጠይቁት አንድ ጊዜ ነው። እናቴ ሰው ቤት ሄዳ ኬክ ሲያቀርቡላት አይ ትላለች፤ ያነሱታል። መኪና ውስጥ ገብታ አባቴ ላይ ታለቅሳለች። በይ ‘ሥራውን እፈልገዋለሁ’ በይ።”

“አሁን?”

“አሁን።”

“ሥራውን… ብታስቡበት…”

“አልሰማሁም፤ ሳሙናው ጆሮዬ ውስጥ የገባ ይመስላል።”

ሳሙናው የነበረው በእኔ ጆሮ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ልጆች መቀስ ይዘው ዙሪያዬን ከበቡ። “ጮክ በይ፣ ዚ” ይላሉ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ ደጋግሜ አልኩት፤ መጨረሻ ላይ ድምፄ ከፀጉር ማድረቂያው በላይ ተሰማ። ፀጉሬ እስኪደርቅ ብቆይ ወኔዬ አብሮ እንደሚደርቅ ስላወቅሁ ፎጣዬን እንደጠመጠምኩ ወደ ቢሮአቸው ሄድኩ።

“ሥራውን እፈልገዋለሁ” አልኳቸው ገና በሩ ላይ። “ያን ዕለት አይ ያልኩት የእምቢታ አልነበረም።”

ሚስተር ግራንት ፎጣውን አዩ፤ እኔን አዩ። “የምን ነበር ታዲያ?”

“የጨዋነት ነው። እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።”

“ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?”

“እስከ ሦስት ጊዜ።”

ሰዓታቸውን ተመለከቱ። “ስብሰባ አለብኝ። በአንድ ላይ ልጠይቅሽ? ትፈልጊያለሽ፣ ትፈልጊያለሽ፣ ትፈልጊያለሽ?”

“አዎ።”

“ዓርብ ከሌሎቹ ጋር ትፈተኛለሽ። ፎጣው ግን ባይኖር ይመረጣል።”

ዓርብ ያለ ፎጣ ተፈተንኩ። ሰኞ ዴኒዝ የፀጉር መድኃኒቶቹን ቁም ሣጥን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፤ ልጆቹ መስተዋቱ ላይ በእስክሪብቶ “ቲቸር ዚ” ብለው ጽፈው ጠበቁኝ። እዚህ መምህርን “ቲቸር” ብሎ መጥራት አልተለመደም፤ ከእኔ ነው የሰሙት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጅባራ ሲመሽ፣ ለእናቴ ደወልኩ። ሥራውን ማግኘቴን ስነግራት ኔትወርኩ ገባ ወጣ እያለ ነበር።

“እሰይ! ስንት ጊዜ ለመኑሽ?” አለች።

“አንድ ጊዜ። ከዚያ እኔው ሄጄ ጠየቅኩ።”

“በገዛ አፍሽ? ምነው ልጄ! ለእትዬ ጥሩነሽ ምን ብዬ ልንገራቸው?”

“አንድ ሁለቱን ጨምሪበት።”

“ሦስት ጊዜ ለመኗት እላለሁ” አለች፤ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበርና ሳላስብ፣ “እማዬ፣ ለምን እኛ ጋ አትመጪም? ወረቀቱን እንጨርሳለን” አልኳት።

“ኧረ እኔ አሮጊት እዚያ ምን ልሠራ። ይቅርብኝ።”

ጆሮዬን ስልኩ ላይ አጥብቄ አዳመጥኩ። የቁርጥ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ጥያቄ የሚጠብቅ፣ ከድምፅዋ ልለየው አልቻልኩም።

“በሞቴ፣ እማዬ” ስል መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም የምትለው ሴት አነሣች። አንተነህ ቁርስ ቀርቧል ቢለኝም፣ ገና ሦስተኛው ጥያቄ ስለሚቀረኝ እንደገና ቁጥሩን ነካሁ።