ባሌ አናት ላይ የበቀለች ጣውንት

ባሌ ፀጉር ያስተከለ ጊዜ ነው ጣውንት የመጣችብኝ። ይኼን ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ! እኔን ግን አሁንም ሳወራው ይነደኛል፤ የነደደኝን ነገር ደግሞ አለሳልሼ ማውራት አልችልበትም።

መላጣውን እወደው ነበር፤ መጀመሪያ ይኼ ይታወቅልኝ። ስንጋባ ከፊቱ ሸሸት ያለ ፀጉር ነበረው። ልጆች ስንወልድ ሽሽቱ አናቱ ላይ ደረሰ። ቢሮ ሲሄድ ኮፍያውን ያጠልቃል፤ የደብረ ማርቆስ ብርድ መቼም ለኮፍያ ሰበብ አያሳጣም። ማታ ቤት ሲገባ አውልቆ ከበሩ ጀርባ ይሰቅለዋል፤ ያን ጊዜ ራሱ የኔ ብቻ ይሆናል። ደብረ ኤልያስ ለስብሰባ ሄዶ ቢሰነብት እንኳ «ይኼን መላጣ ደግሞ ማን ይወስደዋል?» ብዬ ጥቅልል ብዬ እተኛ ነበር። ቀናተኛ ነኝ፤ ከድሮም ነኝ። የባሌ መላጣ ግን ለቅናቴ መድኃኒት ሆኖኝ ኖሯል።

የኔ ራስ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ልጅ ሆኜ ሹሩባ ስሠራ ዓይኔ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ ነበር የሚያጠብቁብኝ። ከተማ ስገባ ደግሞ በመድኃኒት ማለስለሱ፣ በካውያ መተኮሱ፣ ላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ማሰፋቱ መጣ። ቀስ በቀስ ግንባሬና ጆሮ ግንዴ ተራቆተ፤ ከዚያ መሃሉም ተከተለ። ገበያው አጠገብ የሴት ልብስ እሸጣለሁ፤ ሱቄ ከገባው ሻሽ ሁሉ ለራሴ ያላስቀረሁት ዓይነት የለም። ቤትም አላወልቅም፣ ስተኛም አላወልቅም። ባሌን «ራሴን ብርድ ይመታኛል» ብዬዋለሁ፤ እሱም አምኖኝ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ራሴን ሳያይ ኖሯል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ «ፀጉር ላስተክል ነው» አለኝ።

«ባሕር ዛፍ አደረግኸው እንዴ? ምን ማለት ነው ማስተከል?»

«አዲስ አበባ ይሠራሉ። ከኋላዬ አንድ በአንድ እየነቀሉ ፊቴ ላይ ይተክሉታል።»

«ለማን ብለህ?»

«ለራሴ።»

ድንቄም ለራሴ! የጎረመሱ ልጆች አባት፣ የሠርግ ጥሪ ሲመጣ «እግሬን አመመኝ» እያለ የሚቀር ሰው፣ ከመሬት ተነስቶ ለራሱ ፀጉር ያምረዋል? ቢሮ አዲስ የተቀጠሩት ልጆች «አባባ» እያሉት እንደተቸገረ ነገረኝ። እኔ ግን ከነዚያ ልጆች መሃል ሴቶቹ ስንት ናቸው የሚለውን ነበር የማስበው። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ሄዶ ሲመጣ አላወቅሁትም። ግንባሩ አብጦ፣ እብጠቱ ወደ ዓይኑ ወርዶ፣ አናቱ በጥቃቅን ቅርፊት ተሞልቶ ነበር። ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያንቀላፋው፤ «እንዳይነካ፣ እንዳይታከክ፣ ፀሐይ እንዳይመታው» ይላል። ጎረቤት ሰምቶ ብርቱካንና ዳቦ ይዞ «እግዜር ይማርህ» ሊለው መጣ። ባጃጅ ገልብጦት ነው የመሰላቸውም ነበሩ። ባሌ ምን ብሎ ይመልስ? አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል፤ እኔ ጓዳ ገብቼ በነጠላዬ አፌን አፍኜ እስቃለሁ።

እናቱ ደግሞ ከአምበር አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ።

«እናቴ፣ ሐኪሙ ምንም እንዳይነካው ብሏል» አልኳቸው።

«ሐኪሙ ነው የወለደው?» አሉኝ።

ሻይ ላፈላ ዞር ባልኩበት፣ ባሌም ሸለብ ባደረገው ጊዜ፣ ቅቤውን አናቱ ላይ ጫን አድርገው ማሸት ጀመሩ። በጩኸቱ ነው ሮጬ የገባሁት። ቅርፊቱ ከነተተከለው ፀጉር በጣታቸው ተላቅቆ መጥቷል፤ ደምም አለ። ወደ አዲስ አበባ ተደውሎ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ተነግሮን፣ እኔው በለብታ ውኃ እያንጠባጠብኩ አጠብኩለት። እናቱ እስካሁን የኔ ምቀኝነት እንጂ የሳቸው ቅቤ እንዳልጎዳው ነው የሚያወሩት። በግራ በኩል እሳቸው ያሹበት ቦታ ዛሬም ሳስቶ ይታያል።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የተተከለው ሁሉ ይረግፍ ጀመር። ሐኪሙ መጀመሪያ እንደሚረግፍና በኋላ ከሥሩ እንደሚመለስ አስቀድሞ ነግሮት ነበር አሉ፤ ግን ትራሱ ላይ የረገፈ ፀጉር ያየ ሰው ያንን መች ያስታውሳል? «ተበላሁ!» እያለ ቤቱን ሲዞረው ዋለ። እኔ «አይዞህ፣ ይበቅላል» እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኮፍያው ከበሩ ጀርባ ወርዶ ወደ ራሱ ሲመለስ ባሌም ወደ ቤቱ የተመለሰ ነው የመሰለኝ።

ምን ዋጋ አለው፣ በቀለ! ወራት አልፈው መጀመሪያ ሳሳ ያለ ለስላሳ፣ ከዚያ ጠቆር፣ ከዚያ ጠንከር እያለ መጣ። የኮረዳ ፀጉር ነው አልልም፤ ቀረብ ብሎ ላየው ክፍተት ክፍተት አለው። ከሩቅ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ኮፍያውን ለወንድሙ ሰጠው። ቅዳሴ ላይ እኔ ከሴቶች ወገን ቆሜ፣ ማን ወደ ወንዶች ወገን ዓይኗን እንደምትወረውር ስጠብቅ ወንጌሉ ተነብቦ ያልፈኛል። ገበያ አብረን ስንወጣ የበርበሬ ነጋዴዋ «ባልሽ ልጅ ሆነ፤ ምን አበላሽው?» አለችኝ። ካንጀቷ ነው የሳቀችው። እኔ ግን እርር ድብን አልኩ።

የቀናሁት በሴቶቹ ብቻ አይደለም፤ በፀጉሩም ቀናሁ። ጠዋት ጠዋት በኔ መስታወት፣ እኔ ከተውኩት ዘመን በሆነኝ ማበጠሪያ እያፏጨ ሲያበጥር፣ ከእጁ ቀምቼ ልወረውረው ይቃጣኛል። «ለሱ የተሳካ ለኔስ?» አልኩና ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ ባሕር ዳር ወደ አንድ የቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ሻሼን አወለቅሁ። ሐኪሙ በመነጽር እያየ፣ እየጫነ፣ እየጠየቀ ቆየና እውነቱን ነገረኝ። የኔ ቆዳ ገና እየቆሰለ ነው፤ ፀጉሩ የነበረበት ቦታ ጠባሳ ሆኗል፤ እዚያ ላይ ቢተከል የመያዙ ነገር አያስተማምንም፤ ከኋላ እንዳይነቀልልኝ ደግሞ እሱም ሳስቷል። የሚቻለው ቁስለቱን አስታግሦ የተረፈውን ማዳን ነው አለኝ። «ተስፋ ሰጥቼ ገንዘብሽን የምበላ ሰው አይደለሁም» አለ። በበላኝና ተስፋውን በሰጠኝ ስል ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው አልጋችን የቀዘቀዘው። ነውር ነው፤ ግን ነገሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። መላጣ ሳለ እኔን አቅፎ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ጀርባውን ይሰጠኝ ጀመር። «ደከመኝ» ይላል፤ «ሥራ በዛብኝ» ይላል። ሌላ ምን ልበል? ዓይኔ ደም ለበሰ። ስልኩ ሲጮኽ ጆሮዬ ይቆማል፣ ሸሚዙን አሸታለሁ፣ ከቢሮው ማዶ ቆሜ ከማን ጋር እንደሚወጣ አያለሁ። ብቻውን ነው የሚወጣው። ይኼ ደግሞ ይባስ አንገበገበኝ፤ የማትታይ ሴት ከየት ይዤ ልጣላት?

ድግምት ነው አልኩ። አንዷ አስደርጋበታለች፣ መስተፋቅር አብልታብኛለች፣ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ባሌን «ዓይነ ጥላ ይዞሃል፤ ፀበል እንሂድ» አልኩት። ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ «እሺ» ብሎ እንደ በግ ተከተለኝ። የጠዋቱ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ልብሱን አውልቆ ተራው ሲደርስ ግን ከኪሱ ጥቁር ፌስታል አወጣና ራሱ ላይ አጠለቀው። ፀጉሩ እንዳይጎዳ!

አጥማቂው ጣሳውን እንደያዙ ቆሙ። «አንተ! በፌስታል ተጠቅልሎ ፀበል የት አየህ? አውልቅ!» አሉት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አወለቀ። ውኃው ሲወርድበት ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት እጁ ግንባሩን ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ዳር ቆሜ «ውጪ! ውጪለት!» እያልኩ እጸልያለሁ። እንዲህ እየሆንን ሱባኤውን ጨረስን። የወጣችም የመጣችም የለችም።

ያን ጊዜ ነው ፋርማሲዋ ትዝ ያለችኝ። ቁርስ ላይ የሚውጠው ክኒን አለ፤ «የፀጉሩ ቫይታሚን ነው» ይለኛል። ከቢሮ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚገዛው ከአንዲት ፋርማሲ ነው፤ እዚያ የምትሸጠው ልጅ ደግሞ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚደርስ ናት። አገኘኋት! ሱቄን ዘግቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ።

«እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» አለችኝ። እማማ!

«ባሌን ስጪኝ!»

መድኃኒት ሊገዙ የቆሙት ዞር አሉ። ልጅቷ ክው አለች። ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ፀጉር ያስተከለው ብዬ ስነግራት አወቀችው። ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ «የሰው ጉዳይ አልናገርም። ስለ ክኒኑ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ የምለውን ልንገርዎት» አለች። የሚረግፈውን ፀጉር ይይዛል፤ ካቆሙት የያዘው ይለቃል። አንዳንድ ወንድ ላይ ደግሞ… ድምፅዋን ቀነሰች፤ የመኝታውን ፍላጎት ይቀንሳል። ሁሉም ላይ አይደለም። «ሲታዘዝም ይነገራቸዋል፤ እንዲያ ከሆነ ለሐኪማቸው መንገር ነው» አለችኝ።

ይነገራቸዋል። ከፋርማሲው እስከ ቤቴ ድረስ ይኼን አንድ ቃል እያላመጥኩ ሄድኩ። ልጅቷን ይቅርታ ሳልጠይቃት ነው የወጣሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ልጆቹ ኳስ ሊያዩ ወጡ። ባሌ መስታወቱ ፊት ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ክኒኑ የሚያደርገውን።»

ማበጠሪያው እጁ ላይ ቆመ። «ነግረውኛል» አለ።

«ፀበል ድረስ ስጎትትህ? በዚያ ብርድ ራቁትህን ቆመህ፣ እኔ የሰው ሴት ስረግም፣ እያወቅህ ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አፍሬ ነው።»

«ተወዋ ታዲያ! ዛሬውኑ ጣለው!»

«ከተውኩት የራሴ የቀረው ይረግፋል። የተተከለው ብቻ ፊቴ ላይ ተገትሮ ኋላዬ ባዶ ይሆናል። እንደገና ላስተክል ብል ደግሞ የሚነቀል የለኝም። ያን ጊዜ ከመላጣም የባሰ መሳቂያ እሆናለሁ።»

«እኔስ?»

እጁ ብቻ ሳያስበው ወደ ፀጉሩ ሄደ፤ ደባበሰው። እኔን እንዲያ ከደባበሰኝ ቆይቷል። ደሜ ፈላ፤ ያን ሰዓት የሚወረወር ነገር ባገኝ እወረውር ነበር። ያገኘሁት ሻሼን ነው። ፈትቼ ፊቱ ላይ ወረወርኩት።

አየኝ። ከግንባሬ እስከ አናቴ፣ ጠባሳውን፣ ቁስሉን፣ ጆሮዬ ጀርባ የቀረችውን ጭራ ሁሉ አየ። መሸሸጊያ አጥቼ ቆምኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ገና ሳንጋባ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነዋ!»

አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ሻሼን ከመሬት አንስቶ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው፤ ደግሞ ፈታው። ከዚያ ፊቱ በራ፤ «ይኼም እኮ ይተከላል! አዲስ አበባ እወስድሻለሁ» አለኝ።

«አይተከልም። ባሕር ዳር ሄጄ ታይቻለሁ። ቆዳዬም አይዝም፣ የሚነቀልም የለኝም።»

ሻሼን እንደያዘ፣ «ከኔ ወስደው ላንቺ ቢያደርጉልሽስ?» አለኝ። አሁን የሚነቀል የለኝም ያለው ሰው!

«የሌላ ሰው አይዝም። ሰውነቴ አይቀበለውም አለኝ።»

«ጠይቀሽው ነበር እንዴ?»

«ጠይቄዋለሁ።»

«የማንን ብለሽ?»

«ያንተን ነዋ! ከነሥሩ ነቅላችሁ ለኔ ስጡኝ ነው ያልኩት።»

መጀመሪያ አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። አጠገቡ ስቀመጥ እጁን መላጣዬ ላይ አሳረፈው፤ ሙቅ ነበር፤ ከሐኪሙ በቀር ማንም እዚያ ላይ እጁን አሳርፎብኝ አያውቅም። እስኪመሽ እንዲያው ሆነን ቆየን።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ዓይኔን እያየ፣ ክኒኑን ዋጠ።