ከሹፌሩ የተዋስኳቸው ሦስት አያቶች

ሰውየው ቤቴ የገባ ቀን ስለ ወንዝ ማውራት ጀመረ፣ እስካሁንም አላቆመም።

ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት። ወደቡ ነፃ ቀጠና ውስጥ ትራንዚት ቢሮ ትሠራለች፤ እሱ እዚያው መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሱትን ማሽኖች ይጠግናል። ከቼክ አገር ነው። እኔ የማውቀው ቼኮዝሎቫኪያ የሚባለውን ነው፤ ለሁለት ተከፈለ አሉኝ። «ተጣልተው ነው?» ብላት፣ «የለም እማዬ፣ በሰላም ነው የተለያዩት» አለችኝ። በሰላም! እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ አንድ ውስጥ፣ አንድ ግቢ የተካፈሉ ወንድማማቾች በአንዲት ቧንቧ እስካሁን ይካሰሳሉ።

አማርኛውን የተማረው ከአገር ቤት ወደቡ ድረስ ከሚመጡት የከባድ መኪና ሹፌሮቻችን ነው። መጀመሪያ ቀን ወንበር ላስጠጋለት ስል፣ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ በቃ!» ብሎ እንደ ተሳቢ አቆመኝ። ሳቄን ይዤ ሻይ አመጣሁለት።

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ የቀኑ ጫት ከተማ ሳይገባ ይመጣል። እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ እሱ ከተማውን ያወራል። አማርኛው ሲያልቅበት ፈረንሳይኛ ይጀምራል፤ ልጅቷ ትተረጉምልኛለች። ከተማዋ ትንሽ ናት አሉ። ወንዙ መሀሏን ይዞ ያልፋል፤ ዙሪያዋን ስድስት መንደር አለ። ስድስት ቤተክርስቲያን አላቸው፣ የሚገባበት ሰው ግን የለም። ድሮ ከላይኛው አገር ጨው በጀልባ ይመጣላት ነበር።

«ጨው?» አልኩት።

«ጨው፣ እማማ። እኛ ጋ ጨው የለም።»

እኛ ጨው ላይ ተኝተን ውሃ ስንለምን፣ እነሱ ውሃ ላይ ተቀምጠው ጨው ይለምናሉ። እግዜር ያከፋፈለው ጫት የገባ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።

የወንዶቹ ሥራ ደግሞ ግንድ ማሰር ነበር። ከጫካ የቆረጡትን ግንድ ጎን ለጎን ያስሩና ላዩ ላይ ቆመው በወንዙ እየነዱ ዋና ከተማቸው ድረስ ያወርዱታል። ሲመለሱ ግን በእግራቸው ነው። ወንዙ ወደ ላይ አይመልስማ! ከዚያ መንግሥት ወንዙን ገደበው፣ ግንድ ነጂዎቹም ሥራ ፈቱ። እዚህ ላይ አላሾፍኩበትም። የኛም ባቡር ሲሞት ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው አባቴ ከነፊሽካው ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ከስድስቱ መንደሮች አንዱን ግድቡ ከነቤተክርስቲያኑ ዋጠው። ድርቅ ሲሆን ግንቡ ብቅ ይላል፣ ሰዉም ሳንድዊች ይዞ ሊያይ ይሄዳል። ሌላውን መንደር ደግሞ ከትልቁ ጦርነት በኋላ የራሱ ወገኖች ባዶ አደረጉት። የሚናገሩት የጠላት ቋንቋ ነው ብለው ሰዎቹን ከነልጆቻቸው አባረሩ። ይቺን ሲያወራ ቶሎ ቶሎ አለ።

«ቆይ» አልኩት። «ጨውን ሁለት ዓርብ አወራኸኝ። ይሄን በአንድ ትንፋሽ?»

ጆሮው ቀላ። «አባቴም መጽሐፉ ላይ አጭር አርጎ ነው የጻፈው» አለ።

አባትየው ማለት፣ በነሱ አገር እያንዳንዱ ከተማ የዓመቱን ነገር በትልቅ መጽሐፍ የሚጽፍ አንድ ሰው አለው፤ የዚያች ከተማ ጸሐፊ እሱ ነው። ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ፖም ስንት ወረደ፣ ሁሉንም ይጽፋል። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ውሃው የደረሰበትን ድልድዩ ግድግዳ ላይ በመስመር ይቀርጻሉ። ደረቁ ወንዛችን አምቡሊ ሲሞላ እኛ ፍራሽ ይዘን እንወጣለን፤ እነሱ መሮ ይዘው ይወጣሉ።

እንዲህ እያልኩ ስስቅ፣ አንድ ዓርብ ልጅቷን ላግባ አለ። አግብቶ እዚያ ወንዝ ዳር ሊወስዳት ነው። ይቺን ልጅ እናቷ ከሞተች ጀምሮ በዚህ እጄ ነው ያሳደግኳት። እንቢ እንዳልል ልጁ ነውር የለበትም፤ ሳህኑን እንኳን ራሱ ያጥባል። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ።

«በኛ ሕግ ሰባት ቤት ይቆጠራል» አልኩ። «ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ወደ ላይ ሰባት አባቱን ይቁጠርልኝ፤ ያልቆጠረ አያገባም።»

ጎረቤቴ ሰምታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፈረንጅ ምንሽ ሊሆን ነው ዘመድ የሚቆጠረው?» አለችኝ። ሕግ ሕግ ነው አልኳት። ፈረንጅ የአያቱን ስም መች ያውቃል? ሁለት ቆጥሮ ዝም ይላል፣ እኔም ፊቴን አሳዝኜ «ምን ይደረግ፣ ልጄ» እላለሁ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ወረቀት ይዞ መጣ። ሰባት ብለው አሥራ አንድ ቆጠረ። ከነሥራቸው፣ ከነመንደራቸው፣ ከነበሽታቸው! አንዱ በረዶ ላይ አንሸራትቶት ነው የሞተው። ወረቀቱን አጠፈና፣ «አባቴ ሠርጉን መጽሐፉ ላይ ሊጽፍ ነው። የሙሽራዋንም ሰባት ቤት ላኩልኝ ብሏል» አለኝ።

እጄ ምስሩ ላይ ቀረ።

ልጅቷ እናቷን ብላ፣ እኔን፣ አባቴን፣ አያቴን ትቆጥራለች። ከዚያ በላይ ባዶ ነው። አያቴ ሐዲዱ ሲዘረጋ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። ከየት መጣህ ሲሉት «በባቡር» ይል ነበር። አንዴ ሸዋ፣ አንዴ ጎንደር፣ አንዴ ደግሞ ዝም። ሰው ገድሎ ይሁን ሚስት ጥሎ፣ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሕግ አውጪዋ እኔ፣ ሕጉ ላይ የወደቅኩት እኔ።

ከቤቴ ጋር በተያያዘችው ትንሽ ሱቄ ደጃፍ መኪናውን አቁሞ ለስላሳ የሚጠጣ አንድ የጎጃም ሹፌር አለ። ዘሩን ሲቆጥር ውሎ ቢያድር አይደክመውም።

«አንተ» አልኩት፣ «ሦስት አያት አውሰኝ።»

«ማዘር፣ አያት ይዋሳል እንዴ?»

«ወንፊት ይዋስ የለ? ሳልቀድ እመልስልሃለሁ።»

ጉዳዩን ስነግረው እየሳቀ ጠርሙሱን አስቀመጠ። «እንግዲያው ጥሩ ጥሩውን ላውጣልሽ» አለና መረጠልኝ። አንዱ ዝሆን ገዳይ፣ አንዱ ዳኛ፣ ሦስተኛው አለቃ። «አዳኙን ተጠንቀቂልኝ፣ የቤተሰባችን ኩራት ነው። ደሞ ዘመድ ሆነናል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጥላ ያለበት ወንበር የኔ ነው።»

የሚቀጥለው ዓርብ ሽማግሌው የልጁ አባት በስልክ ብቅ አለ። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፣ መጽሐፉ ፊቱ ተዘርግቷል። ልጁ ለሱ ይተረጉማል፣ ልጅቷ ስልኩን ይዛ ለኔ። ቆጠርኩ። የተዋስኳቸው ጋ ስደርስም አልተደናቀፍኩም፤ ውሸት ድሮም ያምርብኛል።

«የአዳኙ መንደር በየትኛው ወንዝ ዳር ነው?» አለ ሽማግሌው።

«ዓባይ ዳር!»

ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሳ። ሙሽራችን የወንዝ ልጅ ናት አለ። ብዕሩንም ቀለም ውስጥ ነከረ።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ከሹፌሩ ጋር ስንዋዋል ሰምታ ኖሯል። «እማዬ፣ እኔ እኮ እዚያ ነው የምኖረው። በሰው አያት ነው የምኖረው?»

ወይ አበሳዬ። ፊቴ ተቃጠለ።

«ተው አትጻፍ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሦስቱ የሹፌር ናቸው። የኔ አያት በባቡር መጣ፤ ከዚያ በፊት የት እንደነበረ አልነገረንም። ይኸው ነው።»

ልጁ ተረጎመለት። ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ሌላ መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ አሮጌ፣ ዳሩ ውሃ የበላው። ገልጦ አነበበ። ድሮ በአንዱ ጎርፍ ጊዜ ሊጥ የሚቦካበት የእንጨት ገበቴ ተንሳፍፎ መጥቶ ድልድዩ እግር ላይ ተሰነቀረ። ውስጡ ሕፃን አለ። አንድ ግንድ ነጂ በሜንጦው ስቦ አወጣውና አሳደገው። መጽሐፉ የሚለው፦ አባቱ አይታወቅም፣ በውሃ መጣ።

«ያ ሕፃን አምስተኛው አባቴ ነው» አለ። «ከሱ በላይ ለልጄ የቆጠርኩለት የግንድ ነጂውን አባቶች ነው።»

ልጁ አፉን ከፍቶ አባቱን ያያል። እሱም አያውቅም!

«ታዲያ አንተም ተውሰሃላ!» ብዬ ሳቅኩ፣ ሻሼ እስኪወድቅ ሳቅኩ። ሽማግሌውም እዚያ ማዶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሕጉ የኔ ነዋ። ያልቆጠረ አያገባም ብያለሁ፤ ሁለቱም አልቆጠሩም። አንድ ቃል ብል ልጅቷ እኔው ጋ ትቀራለች። ምን እዋሻለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት እሷ እኔን አታይም፤ ሽማግሌው የሚወድቅባት ይመስል ስልኩን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች።

«የኔ በባቡር መጣ፣ ያንተ በገበቴ መጣ» አልኩ። «የት ተገናኝተው ይዛመዳሉ? ይጋቡ።»

እልል ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር ለካ።

«ጥሎሽ ምን ላምጣ?» አለ ሽማግሌው።

«የኔን አያት እንዳለ ጻፈው፤ በባቡር መጣ በል። ያባረራችኋቸውን የመንደር ሰዎች ደግሞ በረጅሙ ጻፋቸው። እንደ ጨው።»

ፈገግታው ጠፋ። ይሄ ረጅም ምሽት ይፈልጋል አለ። «ክረምታችሁ ረጅም ነው አይደል?» አልኩት። በጭንቅላቱ እሺ አለ። እስካሁን አራት ገጽ ደርሷል፣ ልጅቷ ናት የምታነብልኝ። ገና ነው፣ በርታ በዪው እላታለሁ።

ከሄደች ወዲህ ምስሩን ብቻዬን ነው የምለቅመው። ዓርብ ዓርብ እየደወለች ወንዙን ታሳየኛለች፤ እኔም ጨው ገዛሽ ወይ እላታለሁ። ሹፌሩ ጥላ ውስጥ ያለውን ወንበር አለቀቀም። አያቶችህን ሳልቀድ መልሻለሁ ብለው አኮረፈኝ። ለካ አገር ቤት ገብቶ፣ አያቶቻችን ቼክ አገር መጽሐፍ ላይ ተጻፉ ብሎ ለዘመድ አዝማዱ አውርቶ፣ በግ ታርዶለታል።

አሁን ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንገቱን በትከሻዬ ላይ ያሰግጋል። «ማዘር፣ እስቲ ሽማግሌውን ጥሪልኝ። ሁሉንም ይጻፍ አላልኩም» ይለኛል። «አዳኙን ብቻ።»