ከነቆዳው ከተማ የዞረው ኤልክ

«ሸተተ? እኔ ያመጣሁት ሥጋ ነው የሸተተው? አፍንጫሽን ተመርመሪ፣ አርዲስ!»

ቨርሊን ክሩግ ይሄን ያለው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እንዲሰማው አድርጎ ነው። አዳኝ ያመጣውን ሥጋ እየገፈፈች የምትቆራርጠው አርዲስ ግን አንድ ክፍል አብራው የተማረች ስለሆነች ድምፁን አትፈራም። ቢላዋዋን ሽርጧ ላይ ጠረገችና፣

«ና አሽትተው» አለችው። «የኋላ እግሩን፣ አጥንቱ ሥር። ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»

ሄደ። ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

«መቼ ነው የወደቀው?»

«ጠዋት።»

«አሁን እኮ ሊመሽ ነው። በዚህ ፀሐይ ከነቆዳው ምን ስታደርገው ዋልክ? የሰፈራችሁበት እዚሁ ከበላያችን አይደል እንዴ?»

ቨርሊን መልስ ነበረው። የሚነገር አልነበረም እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀስት አደን ወቅት ሲከፈት የነቨርሊን ቤተሰብ፣ የሚስቱ እናት ሳትቀር፣ ድንኳኑን ጭኖ ተራራ ይወጣል። የአሜሪካዋ ሞንታና መስከረም ደግሞ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ከሰዓት ምድጃ። ሚስቱ ራሞና ስንት ዓመት ቀስት ስትወጥር ኖራ ኤልክ የሚሉትን ግዙፍ አጋዘን አንድም ቀን ጥላ አታውቅም፤ ቨርሊንም ይሄን ለሰው መንገር አይሰለቸውም። ዘንድሮ እሱ ጫካ ለጫካ ቆቅ ሲያባርር፣ በሬ የሚያህል ባለቀንድ አጋዘን መጥቶ እሷ ፊት ቆመ። አንድ ፍላጻ በቃው። ቨርሊን ሁለት ቆቅ አንጠልጥሎ ሲመለስ፣ ራሞና እንስሳው አጠገብ ቁጭ ብላ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ቆቆቹን ከጀርባው ደበቃቸው።

ሆድ ዕቃውን እንዳወጡ፣ «እዚሁ እንግፈፈው፣ ቨርል» አለችው። «ጥላ ሥር ይሰቀልና ሙቀቱ ይውጣለት።»

«አርዲስ እያለችልሽ? በአንድ ሰዓት ውስጥ እጇ ላይ አደርስልሻለሁ። አንቺ ከእናትሽ ጋር ድንኳኑን ንቀሉ።»

ፒካፑ ላይ ሲጭኑት ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አሰረው። ለሥጋው አይጠቅምም፤ ለመንገደኛው ግን ደህና አድርጎ ይታያል።

መጀመሪያ ማደያ ቆመ። ነዳጅ ሙሉ ነበር፤ ጎማ ነፋ።

«ወይኔ ቨርሊን! ጣልከው በለኛ!» አለ ቀጂው።

ቨርሊን ዝም አለ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብሎ ነው። ቀጥሎ የከብት መኖ መሸጫው ጋ ቆመ፤ ከብት የለውም። እዚያ ከብበው ሲያደንቁለት «ኧረ ከባድ ነበር» አለ። ይሄም ቢሆን እውነት ነው፣ ኤልኩ ከባድ ነው። መጠጥ ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን ቢራ ጋበዙት፤ ሁለተኛው ላይ ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር፣ ትንፋሹን እንዴት ውጦ እንደጠበቀ፣ በእጁ እያሳየ ይተርክ ጀመር። ፀሐይ አዘቅዝቃ ሲጨርስ አጨበጨቡለት። ውጭ ዝንቦቹም ደርሰው ነበር።

አሁን ሥጋ ቤቱ ውስጥ፣ አርዲስ ሁለቱን ታፋዎች ቆርጣ በርሜል ውስጥ ጣለቻቸው። ዷ፣ ዷ። «ትከሻውና አንገቱ ይተርፋል። ከጀርባውም ትንሽ። ሌላውን ለውሻ እንኳን አልሰጥም።»

ይሄኔ ራሞና ገባች።

«ማደያው ጋ፣ መጠጥ ቤቱም ጋ፣ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ» አለች። «ባልሽ አንበሳ ነው አሉኝ። ምን ልበላቸው? አዎ አልኳቸው።»

ቨርሊን እስከ ጆሮው ጫፍ ቀላ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በርሜሉን ሊከድን ተንደረደረ፣ ቀደመችው። ቆማ ውስጡን አየች፣ ቆይታም አየች።

«አንዱን ታፋ ለእናቴ ብዬ ነበር» አለች። «ሌላው የክረምት ስንቃችን ነበር።»

«ራሞናዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተናገር። ወይስ ወሬውን መጠጥ ቤት ጨርሰኸው መጣህ?»

ወሬ አልቆባት የማታውቀው አርዲስ፣ የታጠበ ቢላዋ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ቢላዋውን አስቀምጣ፣

«የተረፈውን ገፍፌ የምቆራርጥበት ሒሳብ ይሄ ነው» አለች። «ጭንቅላቱ ለብቻው ነው፣ ሥጋው ተቀቅሎ ይለቅና ቀንድና አጥንቱ ይጸዳል። ግድግዳ ላይ ትሰቅሉታላችሁ አይደል?»

ቨርሊን ቦርሳውን መዥረጥ አደረገ። ራሞና እጁን ገፋችው።

«የሥጋው የኔ ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ» ብላ ከፈለች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «የቀንዱን እሱ ይክፈል። ሲያዞር የዋለው ቀንዱን ነው።»

ወጣች። ቨርሊን ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አርዲስ ጭንቅላቱ ላይ የሚታሰረውን የስም ካርቶን አነሳች።

«በማን ስም ልጻፈው?»

የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«አልሰማሁህም።»

«በሷ» አለ ቨርሊን። «በራሞና ስም።»

አርዲስ ጻፈችና ገንዘቡን ወደ መሳቢያዋ ጠረገችው።